እልፍኝና አስከልካዩ

ለ«ላውንጅ» የአማርኛ ስም ፍለጋ ብዙ ደክሜያለሁ። «ማረፊያ» እንዳንለው አውሮፕላኑም የሚያርፈው እዚያው ነው። «የእንግዳ ማረፊያ» ብንለው አልጋ የሚከራይበት ቤት ይመስላል። «የክብር ክፍል» ካልነው ደግሞ ክብሩን ማን ሰጠ የሚል ጥያቄ ይከተላል። በመጨረሻ ያረፍኩበት ቃል አያቶቻችን የተዉልን ነው፤ እልፍኝ። ጌቶችና እመቤቶች ከአደባባዩ ግርግር ገለል ብለው የሚቀመጡበት፣ የተመረጠ ሰው ብቻ የሚዘልቅበት ውስጠኛ ቤት። እልፍኝ ካለ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ አለ። የጥንቱ አስከልካይ የባለጉዳዩን ፊት፣ ወገንና ማዕረግ መዝኖ ነበር የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው። የዛሬዋ አስከልካይ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት፤ የምታየውም ፊታችንን ሳይሆን ከፊቷ ያለችው ትንሽ መኪና የምታነብላትን ካርድ ነው።

ላላየው ላስረዳ። በትልልቆቹ የዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች ከፍተሻው በኋላ ጽሕፈቱ የማይጮህ አንድ በር አለ። ከበሩ ወዲህ ያለው ሕዝብ በብረት ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ ጠርሙስ ውሃ በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ፣ የስልክ መሙያ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ሲዞር ይቆያል። ከበሩ ወዲያ ሶፋ፣ ሾርባ፣ ቡና፣ ወይን ጠጅ፣ በአንዳንዱም ቤት ገላ መታጠቢያ አለ፤ ሁሉም «በነጻ»። ድሮ (የአየር መንገዶቹን ድሮ ማለቴ ነው) ወደዚያ የሚዘልቀው የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪና የኩባንያው ወዳጅ ነበር። ዛሬ ግን ከአውሮፕላኑ ጭራ አካባቢ ወንበር የቆረጠ ሰው እንኳን ትክክለኛዋን የብድር ካርድ ከያዘ፣ ከከበርቴ ጎን ተቀምጦ ሾርባውን ይጠጣል። እኔም በአንድ ጉዞ በሰው ካርድ ገብቼ ጠጥቻለሁ። ጥሩ ሾርባ ነው፤ በሐሰት አልመሰክርም።

የእልፍኙና የካርዱ ታሪክ በየፊናው ተጉዞ ነው የተገናኘው። አሜሪካን ኤርላይንስ በኒውዮርኩ ላጓርዲያ «አድሚራልስ ክለብ» የተባለውን ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በመጀመሪያው ዘመን መግቢያው የኩባንያው ግብዣ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ካርዱ በበኩሉ የተወለደው በምግብ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኒውዮርክ ላይ የተቋቋመው ዳይነርስ ክለብ ደንበኛውን «ብላ፣ ሂሳቡን በወሩ መጨረሻ ለእኔ ትከፍላለህ» ሲለው፣ ባለምግብ ቤቱን ደግሞ «ከሂሳብህ 7 በመቶውን ለእኔ ትተውልኛለህ» አለው። አንባቢ ይህችን መቶኛ በልቡ ይያዝልኝ፤ የነገሩ ሥር እሷ ናት። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ 60 ሺህ ካርዶች ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ በተነ። በኋላ ቪዛ የተባለው ያ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲቲባንክና አሜሪካን ኤርላይንስ ተጋብተው፣ በካርድ የወጣ ዶላር የአየር ጉዞ ማይል እንዲወልድ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፕራዮሪቲ ፓስ መጣ፤ የየትኛውም አየር መንገድ ደንበኛ ሳይሉ በየአገሩ እልፍኝ የሚያስገባ አባልነት። ባንኮቹም ይህን አባልነት በጅምላ እየገዙ ለካርድ ደንበኞቻቸው ምርቃት ያደርጉት ጀመር። ቆይቶ የራሳቸውን እልፍኝ ወደ መሥራት ገቡ፤ አሜሪካን ኤክስፕረስ የመጀመሪያውን ሴንቱሪየን ላውንጅ ላስ ቬጋስ ላይ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሽቅድምድም ነው። ቼዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳፋየር ሪዘርቭ» የተባለውን ካርዱን በዓመት 450 ዶላር ሲያወጣ ገበያው ተናወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ካርድ 795 ዶላር ገባ። የአሜሪካን ኤክስፕረሱ ፕላቲነምም በዚያው ዓመት 895 ደረሰ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል፣ አንድ ሳንቲም እንኳ ገና ሳይበደሩበት።

ወንድሜ እንዲህ ያለ ካርድ አለው። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እለዋለሁ። ሥራው ሹፌርነት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ከዋሽንግተን እያነሳ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በር ድረስ ያደርሳል፤ ሻንጣ ያወርዳል፤ ይመለሳል። ካርዷ ከብረት የተሠራች ናት፤ ጠረጴዛ ላይ ስትጣል ቃ ትላለች። ዓመታዊ ክፍያዋን እናቴ ስትሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እነሱ ናቸው የሚያበድሩህ ወይስ አንተ ነህ የምታበድራቸው?» አለችው።

ጋሼ ግን ሂሳብ አዋቂ ነው። ቤንዚኑን፣ ስልኩን፣ የልጆቹን ጫማ፣ ሁሉንም በዚያች ብረት ይከፍላል፤ ወሩ ሲያልቅ ዕዳውን ጨርሶ ይዘጋል። «የወለድ ሳንቲም በልተውብኝ አያውቁም» ይላል፤ እውነቱን ነው። በአሜሪካ የካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ በሆነበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ጨዋነት አይደለም። የተጠራቀመለትን ነጥብ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ይለውጠዋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ በዩናይትድ ማይል የእኛው አውሮፕላን ይሳፈሩበታል። እናታችንን የልጅ ልጆቿን እንድታይ የወሰዳት በዚህ ዘዴ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «በነጥብ መጣሁ» ስትል ጎረቤቶቿ የፈተና ውጤት ይመስላቸዋል።

እኔም ቨርጂኒያ ሄጄ በነበረ ጊዜ አንድ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፕራዮሪቲ ፓስ ለራሱ ተራ አባል አንዱን መግቢያ 35 ዶላር ያስከፍላል፤ አንተ በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ትበራለህ፤ ሾርባው፣ ቡናው፣ ሶፋው ተደምሮ ይህን ያህል ይመጣል፤ የቀረውን ከኪስህ ነው የምትጨምረው፣ አልኩት። ወረቀቱን አየና ገፋው።

«አንቺ የምታሰይው ሾርባውን ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሰው በሩ ላይ እያራገፍኩ የተመለስኩበት ቤት ነው። አንድ ቀን ከውስጥ ሆኜ ላየው ብል ስንት ይተመናል?»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ለዚህ መልስ የሚሆን ሂሳብ አልተማርኩም።

መልሱ ባይኖረኝም ጥያቄው አለቀቀኝም፤ «ነጻው» ሾርባ ከየት ይመጣል? የዓመቱ ክፍያ ብቻውን አይበቃውም። ወለዱም አለ፤ በወሩ ዕዳውን መዝጋት ያቃተው ሰው የሚከፍለው። ሦስተኛውን ምንጭ ግን ያየሁት በመጽሐፍ ሳይሆን ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ፣ በአክስቴ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው።

«እቴቴ» ብለን ያደግናት የእናቴ ታናሽ እህት እዚያ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ትሸጣለች። ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንቀበልም»። (ሕግ ተከትላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነጋዴ ለብድር ካርድ እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ ግዢ እንዲወስን ይፈቅድለታል።) ጋሼ ብረቱን ሲያወጣ ባየች ቁጥር «መጣ ደግሞ ባለቃጭሉ!» ትላለች። አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል በወሩ መጨረሻ የሚመጣላትን መግለጫ ዘርግታ አሳየችኝ። ደንበኛ በካርድ 100 ዶላር ሲከፍል እጇ የሚገባው 97 ገደማ ነው። የቀረውን ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ የካርዱ ኩባንያና አሻጋሪው ይካፈሉታል፤ ትልቁ ድርሻ የባንኩ ነው። ካርዱ ምርቃት የሚያበዛ ዓይነት ሲሆን ደግሞ ቅነሳው ይብሳል።

«የወንድምሽ አይሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚበላው ምሳ ይኸውልሽ» አለችኝ፤ በጣቷ መስመሩን እያሳየች።

«ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዋጋ እጨምራለኋ! ምን ላደርግ?»

ጭማሪው ግን ባለካርዱን ለይቶ አያገኝም። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን የዶላር ኖት ፈትታ የምትከፍል አሮጊት ለአንድ እሽግ እንጀራ ከጋሼ እኩል ትከፍላለች። ጋሼ ከፍሎ ሲወጣ ነጥብ ይዞ ይወጣል፤ እሷ እንጀራዋን ብቻ ይዛ ትወጣለች። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የታዘብኩት። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር በዋጋ ውስጥ ተደብቆ ለባለካርዶች እንደሚያሻግር፣ አንድ ባለካርድ ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚቀበል አስልተዋል። አሮጊቷና ጋሼ አይተዋወቁም፤ ግን በየወሩ ቡና ትጋብዘዋለች።

አውሮፓ ነገሩን በሕግ ይዞታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የካርዱ ባንክ ከነጋዴው የሚወስደውን ድርሻ ለብድር ካርድ በ0.3 በመቶ ወስኖታል። የምርቃቱ ነገር በዚያ አህጉር ቀጠን ያለውም ያለምክንያት አይደለም። ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። የእኛ የብድር ካርድ የባለሱቁ ደብተር ነበር፤ ዱቤ። ወር መድረሻ ያጣች እናት ዘይትና ስኳር በዱቤ ትወስዳለች፣ ባለሱቁ በእርሳስ ይመዘግባል፤ ብድሩን የሚያገኘው የቸገረው ነው። በአሜሪካኑ ዱቤ ግን ትልቁን ምርቃት የሚያገኘው ብድሩን የማይፈልገው ሰው ነው። ደብተሩ ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ከባለሱቁ ጋር የተኳረፈ ዘይት ያጣ ነበርና።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ነው «ግብር» የሚለው ቃል ትዝ ያለኝ። አማርኛችን ጉዳዩን ቀድሞ ሳይረዳው አልቀረም። ገበሬው ለባለጉልቱና ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ነው፤ ንጉሡና መኳንንቱ አዳራሽ ከፍተው የሚያበሉት ድግስም ግብር ነው። አንዱ ይገብራል፣ ሌላው ግብር ይበላል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው፣ ምክንያቱም ማሩም፣ በሬውም፣ ጤፉም ከአንድ ጎተራ የወጣ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ ከመጋረጃ በስተጀርባ ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው እንደየማዕረጉ በየተራ ይገባል። ጠጁም እንደ ሰው ማዕረግ ይለያይ ነበር። እንግዲህ የኤርፖርቱ እልፍኝ ከዚህ በምን ይለያል ብትሉኝ፣ አንድ ልዩነት አይቻለሁ። በምኒልክ አዳራሽ የኋለኛ ተራ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን፣ ቀጭኑን ጠጅም ቢሆን፣ ተርታው ወታደር ገብቶ ይበላል። በኤርፖርቱ እልፍኝ የኋለኛ ተራ የለም።

እንዲያውም መጋረጃው እየበዛ ነው። ካርዱ ብዙ ሰው እጅ ሲገባ እልፍኙ ሞላ፤ ሊያርፉበት የገቡበት ቤት በር ላይ ሰልፍ ተጀመረ። ስለዚህ ደንብ ወጣ። ከበረራው በፊት ከሦስት ሰዓት ቀድሞ መግባት በብዙ ቦታ ተከለከለ። ሴንቱሪየን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ባለፕላቲነሙ ለሚያስከትለው እያንዳንዱ እንግዳ 50 ዶላር ይጠይቃል፤ በዓመት 75 ሺህ ዶላር በካርዱ ካወጡ ግን ሁለት እንግዳ በነጻ ይገባላችኋል። እንግዳ ተቀባይነት በሺህ ዶላር ሲለካ ያየሁት እዚህ ነው።

የሚገርመው ደለስ ራሱ በሌላ ሐሳብ የተሠራ ማረፊያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት፣ ፊንላንድ የተወለደው አርክቴክት ኤሮ ሳሪነን ተሳፋሪ ሻንጣ እየጎተተ ረጅም ኮሪደር መሄድ የለበትም ብሎ አንድ ነገር አስቦ ነበር፤ ሰው ወደ አውሮፕላኑ ከሚሄድ ይልቅ የተቀመጠበት ክፍል ይሂድ። መቶ ያህል ሰው የሚይዝ፣ ወንበር የተደረደረበት፣ ጎማ ያለው ክፍል ተሠራ። ሰው ቁጭ እንዳለ ክፍሉ ይነሳና ሜዳውን አቋርጦ ከአውሮፕላኑ በር ጋር ይገጥማል። ስሙም «ሞባይል ላውንጅ» ነበር፤ ተንቀሳቃሽ እልፍኝ። ትኬት የያዘ ሁሉ ይገባበታል፤ አስከልካይ የለውም። ሳሪነን ሥራው ሲመረቅ አላየም፤ ከዓመት በፊት ሞቷል። በኋላ በረራው ሲበዛና ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚሻገረው ሲበረክት ሐሳቡ አልተመቸም፤ ሜዳው መሐል ሌሎች ሕንጻዎች ተሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የምድር ባቡር ገባ። አሮጌዎቹ ተንቀሳቃሽ እልፍኞች ግን አልጠፉም። ከውጭ አገር የሚገባውን መንገደኛ ወደ ፓስፖርት መመርመሪያው የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ከአዲስ አበባ የተነሳው ሰዋችን ደለስ ሲደርስ በእጁ በርበሬና ዶሮ ወጥ የቋጠረ ሻንጣውን አቅፎ እዚያ ውስጥ ይቆማል፤ «አውቶቡሱ» ነው የሚለው። እልፍኝ መግባቱን የሚነግረው የለም።

ባለፈው ዓመት ለቤተሰብ ሠርግ ከዚያው ከደለስ አራት ሆነን ወደ አዲስ አበባ ተነሳን፤ እናቴ፣ እቴቴ፣ ጋሼና እኔ። ጋሼ ለእናቱ እልፍኙን ሊያሳያት ስለፈለገ ገና በማለዳ ነው የወጣነው። ከአንዱ ቤት በር ስንደርስ (የቤቱ ስም ይቅር) አስከልካይዋ ካርዱን አይታ በፈገግታ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ባለካርዱና ሁለት እንግዳ» አለች። አራተኛው ሰው መክፈል አለበት። ጋሼ ኪሱን ሲዳብስ እቴቴ እጁን ያዘችው።

«ተው ልጄ። የእኔን እኔ በየወሩ እከፍላለሁ» አለች።

በአማርኛ ስለሆነ አስከልካይዋ አልገባትም። ጋሼ ግን ገብቶታል፤ መሬት መሬት አየ። እናቴ እግሯ ስለሚያብጥ ከፍ አድርጋ የምታሳርፍበት ሶፋ ያስፈልጋት ነበርና፣ «እናንተ ግቡ» ብዬ እኔና እቴቴ ወደ መሳፈሪያው በር ሄድን።

የአዲስ አበባን በረራ መሳፈሪያ በር ያየ ያውቀዋል። የተሽከርካሪ ወንበሮች ሰልፍ፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች፤ ከሚፈቀደው በላይ የተጠቀጠቀ የእጅ ሻንጣ፤ በእንግሊዝኛ የሚጮሁ በአማርኛ የሚገሠጹ ልጆች። እቴቴ ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ አምባሻ አወጣች። ቆርሳ ለእኔ ሰጠች፤ ከዚያ በቀኟ ላሉት አዛውንት፤ ከዚያ ልጅ ለያዘች ወጣት። አዛውንቱ ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ። ወጣቷ ዳቦ ቆሎ ነበራት። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እቴቴ የአዛውንቱ ልጅ ማንን እንዳገባ አውቃ፣ ባልየው በስንተኛው ቤት የሱቋ ደንበኛ ዘመድ እንደሆነ ደርሳበታለች።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እናቴ ብቅ አለች፤ ጋሼ ከኋላዋ እየተከተለ። «ምነው ቶሎ ወጣሽ?» አለቻት እህቷ።

«ጥሩ ነው። እግሬም አርፏል። ግን ማንም ማንንም ብላ አይልም» አለችና ነጠላዋን ፈታች። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ሙዝ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ።

«እማዬ! ከውስጥ ማውጣት ክልክል ነው እኮ!» አለ ጋሼ፣ ዙሪያውን እያየ።

«ግብር ገብቶ ለቤቱ ያልቋጠረ ማን አለ?» አለችና እንቁላሉን ለእህቷ ትልጥላት ጀመር።

ከሠርጉ መልስ ሁለቱ ወደየሥራቸው ተመለሱ። እቴቴ የሱቋን ወረቀት ቀይራዋለች፤ አሁን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ዋጋ ነው፣ የጥሬ ገንዘብና የካርድ፤ የጥሬው ትንሽ ይቀንሳል። የጋሼ ካርድ የምትታደሰው በመጋቢት ነው፤ ይተዋት አይተዋት እስካሁን አልቆረጠም። በቅርቡ ስልክ ሲደውልልኝ ቅዳሜ እንጀራ ከእቴቴ ሱቅ ገዝቶ መምጣቱን ነገረኝ፤ በየትኛው ዋጋ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«በጥሬው» አለ፤ ትንሽ ዝም ብሎም፣ «ለእሷ ብቻ ነው እንጂ፣ ቤንዚኑን ያው በካርድ ነው የሞላሁት» አለኝ።